በአሮጌው ስልክ ያልታየው ገጽ

«ባዶ ነው እኮ እትዬ! እዩት! አንዲት ፊደል የለበትም!»

ልጅት ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። መነጽሬን ከግንባሬ አውርጄ አየሁ። እውነትም ነጭ ነው። ከላይ የገጹ አድራሻ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ግን እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ።

«ኔትወርኩ ይሆናላ። ትንሽ ጠብቂው» አልኳት።

«ከእሁድ ጀምሬ ስጠብቀው እኮ ነው!»

የማጥፈውን ሱሪ ከስፌት መኪናው ሥር አውጥቼ ወንበር አስጠጋሁላት። አልተቀመጠችም። ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች፤ ቤቴ ደግሞ ለመመላለስ የሚሆን ቤት አይደለም፤ በዞረች ቁጥር ጉልበቷ ከክር ሳጥኔ ጋር ይጋጫል።

«‹ላንቺ ብቻ የሠራሁት ነው፣ ክፈቺው› ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ልቤ ወጥቶ ሊሄድ ደርሶ ከፈትኩት። ይኸውልዎት! ለእኔ ብቻ የሠራው ይሄንን ነው። ‹ከእንግዲህ የምልሽ ነገር የለኝም› ማለቱ አይደለም?»

«አንቺስ ምን መለስሽለት?»

«ባዶ ልልክለት አስቤ ነበር። ስልኩ ባዶ አልልክም አለኝ።» አንገቷን ደፋች። «አራት ነጥብ ላኩለት።»

«አራት ነጥብ ብቻ?»

«አራት ነጥብ ብቻ።»

«እሱስ?»

«ዝም።»

አይ የዛሬ ልጆች! እኛ በወረቀት ስንጣላ ቢያንስ ስድቡ ይነበብ ነበር። እነዚህ አንዱ ነጭ ገጽ፣ ሌላዋ አራት ነጥብ ተወራውረው፣ ይሄው ሁለቱም ጾማቸውን ከርመዋል። ለመሳቅ ዳድቶኝ ቀና ስል ዓይኗን አየሁት። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ያለፉትን ሳምንታት ሳታነቡ ዛሬ ብቅ ላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ላስይዛችሁ። ልጅት ፋርማሲስት ናት፤ የደህና ቤት ልጅ። እናቷ ታመው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ፣ እንደ እሷ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች የሚጠያየቁበት ዌብሳይት ከፈተች። ስሙን «አልጋ ዳር» አለችው። እናቷ አረፉ፤ አልጋ ዳር ግን አደገ። እኔም አባል ነኝ። ባለቤቴ ሾፌር ነበር፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ የሚሾፍረው እኔን ነው። ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደማገላብጠው፣ ሐኪሙ በጥድፊያ የነገረኝን፣ የአልጋ ዳር ሰዎች ናቸው ቁጭ ብለው ያስረዱኝ። መልካቸውን አላውቅም። ከእህቶቼ ግን የቀረቡ ሆነዋል።

ዌብሳይቱን የሠራላት ልጅ የሚኖረው ከእኛ በላይ፣ ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ሰፈርተኛው «አቶ ደረጃ» ይለዋል፤ ከአፉ «ደረጃውን የጠበቀ» የምትል ነገር ስለማትጠፋ። እንደሱ አባባል፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ዓለም የተስማማበት ደንብ አለ፤ ደንቡን አክብሮ የጻፈ ሰው ሥራው በየትኛውም ስልክ፣ በየትኛውም ብራውዘር ይከፈትለታል። እኔ በልብስ ሰፊ ጭንቅላቴ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ቁልፍ የሚሠራው ሌላ፣ ልብስ የሚሰፋው ሌላ፤ ሁለቱ በመጠን ካልተስማሙ ለባሹ ደረቱን ከፍቶ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ይሄ ልጅ አንዲት ነገር በለወጠ ቁጥር በሬን ያንኳኳል። «እትዬ፣ ስልክዎን!» ስልኬ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አዲስ ነገር አልጭንም ካለ የሰነበተ ነው። «በዚህ ከሠራ በሁሉም ይሠራል» ይለኛል። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። መጀመሪያ ሰሞን የሕንፃው ሴቶች አምተውኝ ነበር። «ይሄ ወጣት ምን ይመላለሳል?» ብለው። ስልኬን ፈልጎ ነው ብላቸው ጭራሽ ሳቁብኝ።

ልጅትም ለሥራ እያለች ወደ ጣሪያው መውጣት አበዛች። የእኔ በር ደረጃው ላይ ነውና ስትወጣም ስትወርድም አያታለሁ። ስትወጣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ ስትወርድ ማስተካከሉን ትረሳለች። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ችግሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ነው፤ ልጁን «የጣሪያው ሰውዬ» እያለ ነው የሚጠራው። አልጋ ዳር አባሉ ሲበዛ የሰርቨሩ ኪራይ ከልጅት ደመወዝ በላይ ሆነ። ከአስታማሚ እንዳትለምን፣ የአስታማሚ ኪስ ምን እንደሚመስል እሷም እኔም እናውቃለን። በመጨረሻ ወንድሟ «ድርጅቴ በየዓመቱ ይሸፍንልሽ» አለ። ግን የድርጅቱ ቴክኒሻኖች ዌብሳይቱን እንደ አዲስ፣ በዘመናዊ መልክ ይሠሩታል፤ የጣሪያው ሰውዬም እጁን ያነሳል።

ልጅትና ልጁ በዚህ ነው የተጣሉት፤ እዚሁ ደጃፌ ላይ።

«አባሎችሽ በምን ዓይነት ስልክ እንደሚያዩት አንድ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንተ ከሰው ይልቅ አሮጌ ስልክ ነው የምትወደው!» አለችው።

እሱ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች። እኔ መሃል ላይ መርፌዬን ይዤ ቀረሁ።

እና ዛሬ ወንድሟ ውሉን ይዞ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቃት ነው። እሷ የመጣችው ከልጁ የይለፍ ቃሎቹን ተቀብላ ልትፈርም ነው። ከዚያ በኋላ አልጋ ዳርም የሌላ፣ እሱም የሩቅ ሰው ነው።

«ልፈርም ነው እትዬ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምሟገተው? ለባዶ ገጽ?»

ያን ጊዜ ነው ስልኩን ልብ ያልኩት። የልጅት ስልክ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነበር። ይሄኛው ጠርዙ የተላላጠ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ነው።

«ይሄ የማን ስልክ ነው?»

«የእማዬ።»

«ምን ልትሠሪበት?»

«እልህ ይዞኝ ነዋ! ‹አይተሽ ታውቂያለሽ?› አይደል ያለኝ? ሲም ካርዴን አውጥቼ እዚህ ውስጥ ከተትኩት። በዚህ ሰንብቼ አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ።» አሁን ገና ተቀመጠች። «አልጋ ዳርን ስከፍተው ወዲያው ተከፈተ፣ እትዬ። የመጀመሪያዋ ጥያቄዬ ከነመልሷ አለች። ‹እናቴ ውሃ እምቢ አለችኝ፣ ምን ላድርግ?› ያልኳት። ወንድሜ፣ ጋሼ፣ በቴክኒሻኖቹ ለናሙና ያሠራውን አዲሱን ስሞክር ግን እምቢ አለኝ። ልጁ እውነቱን ነበር።»

«ይሄን ነገርሽው?»

«ምን ብዬ ልንገረው? አሸንፈሃል ብዬ?»

ከግድግዳው ማዶ ባለቤቴ በከዘራው አልጋውን መታ። ጮክ ብሎ መናገር ስለማይችል በቃችሁ የሚለው በዚህ ነው። እኔም እንደሱ በቃኝ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበርና። እሁድ ዕለት ያ ልጅ በሬን አላንኳኳም። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ከምግብ የሚያስነሳኝ ልጅ፣ ያን ዕለት ድምፁ አልነበረም።

«ተነሽ» አልኳት። «ተነሽ፣ ወደ ላይ።»

እጇን ስይዛት እንደ ሕፃን ተከተለችኝ።

*

ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከሩ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሁሉም ቤት ልብስ ተሰጥቷል። ልጁ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ መኪናውን ከላይ አይቶት ይመስለኛል። ጢሙ አድጓል። የታጠፈ ወረቀት በእጁ ይዟል።

ተያዩ። ያን አስተያየት እኔ ልጽፈው አልችልም። የተራበ ሰው የተዘጋ ዳቦ ቤት ሲያይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፤ በሁለቱም በኩል።

«የይለፍ ቃሎቹ እዚህ አሉልዎት» አለና ወረቀቱን ዘረጋላት።

«አሉልዎት?» ልጅት ቀላች። «‹እርስዎ› ሆንኩ?»

«ደንበኛ ነዎት።»

«እትዬ፣ ሰሙት? ደንበኛ ነኝ!»

«ውሉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አንተም እንደ ውል ነው የምታወራው! ባዶ ገጽ ልከህልኝ ስታበቃ...»

«እኔ? ባዶ?» አሁን እሱም ቀላ። «ልቤን አውጥቼ ልኬ፣ አራት ነጥብ! አንዲት አራት ነጥብ! ‹አልፈልግም› ለማለት እንኳን ቃል ይነፈጋል? አለቀ ማለት አለቀ ነው፤ ገባኝ።»

«የቱን ልብ ነው ያወጣኸው? ነጩን?»

እንዲህ ሲባባሉ የሚውሉ ናቸው። መሃላቸው ገባሁ። «ዝም በሉ! ሁለታችሁም! አንተ፣ እሁድ የላክህላትን ነገር በምን ሞከርከው?»

«በኮምፒውተሬ።»

«በእኔስ ስልክ?»

ዓይኑን ወደ ታንከሩ መለሰ።

«ለኮማና ለሰረዝ በሬን ስትቀጠቅጥ የኖርክ ልጅ፣ ያን ዕለት ምን ነካህ?»

«እትዬ... እሱ እኮ...» ጆሮው ሥር ድረስ ደም ሞላው። «አፈርኩ። የግል ነበር።»

ልጅት የእናቷን ስልክ ከነነጩ ገጽ ዘረጋችለት። ተቀበላት። መጀመሪያ ገጹን አየ፤ ቀጥሎ ስልኩን፤ ቀጥሎ ጀርባው ላይ ያለውን ፕላስተር።

«ይሄ ያንቺ አይደለም።»

«የእማዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?»

«ከሰደብከኝ ቀን ጀምሮ።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ እየተንተባተበ አስረዳ። ተራ ጽሑፍ መላክ አንሶበት፣ ቃላቱ ጎህ እንደሚቀድ ቀስ እያሉ ብቅ እንዲሉ አድርጎ ነበር የሠራው። ዘዴው አዲስ ነው፤ የድሮ ስልክ ብራውዘር አያውቀውም።

«ተደበቁ የሚለውን ትእዛዝ ያውቃል» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ውጡ የሚለውን ነው የማያውቀው።»

ይሄን ሲል ወደ ስልኩ ነበር የሚያየው። እኔ ግን ስለ ስልኩ ብቻ አልመሰለኝም።

«ስለዚህ አለ? እዚህ ውስጥ ተጽፏል?» አለች።

«ተጽፏል። ነይ በኮምፒውተሬ ላሳይሽ።»

አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«በሁሉም ስልክ መከፈት አለበት ብለህ ደም ያስተፋኸኝ አንተ ነህ። እኔስ ከሁሉም ውስጥ አይደለሁም? በዚህ ነው የማነበው። በእማዬ ስልክ።»

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«በእማዬ ስልክ አልኩህ!»

ስልኩን መልሶላት ራሱን እየነቀነቀ ገባ። ወዲያው የቁልፎቹ መንጣጣት ተሰማ። ልጅት የሰው አንሶላ ጥግ ይዛ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትዘረጋዋለች።

*

ታች የመኪናው ክላክስ ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆየና ዝም አለ። ቀጥሎ የእግር ኮቴ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ፤ በመጨረሻ ወንድምየው። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል።

«ይሄ ሕንፃ ሊፍት የሚባል ነገር አልሰማም?» አለ። «የይለፍ ቃል ለመቀበል ይሄን ያህል ጊዜ? ተቀበልሽ?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ...»

«ፈርመሽ ጠይቂኝ። ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው። ለአልጋ ዳር ብዬ ስንት ስብሰባ ነው የሰረዝኩት! ገንዘብ ልስጥ ብሎ የሚለምን ሰው እኔ ብቻ ነኝ!»

እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። መጥፎ ሰው አይደለም። መስጠት የሚያውቅ፣ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ነው።

ልጅት ነጩን ገጽ ዘጋችና የእሱ ቴክኒሻኖች የሠሩትን ናሙና ከፍታ ስልኩን ዘረጋችለት። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስልኩን ሲያይ ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ይሄ የእማዬ ስልክ አይደል?»

«አንብበው።»

ያነበበው ጮክ ብሎ ነው፤ ምን እንደሚል ስላላወቀ። «‹ይቅርታ፣ መሣሪያዎ ጊዜው ያለፈበት ነው። እባክዎ በአዲስ ይተኩት።›»

ታንከሩ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል።

«በዚህ ስልክ ነበር የሰዎቹን መልስ የማነብላት» አለች። «አስታውስ እንጂ። አንተ አገር ውስጥ ስትኖር እግሯ ሥር ትቀመጥ ነበር። ‹አንዷ ሴትዮ እንዲህ ብላሻለች፣ አንዱ ሰውዬ እንዲህ ይልሻል› እያልኩ። ‹እነዚህ ሁሉ ስለ እኔ ነው የሚጨነቁት?› ትልህ አልነበር? ሲጨንቃት አንብቢልኝ የምትለው ይሄንኑ ነበር። ያንተ ዌብሳይት በዚያን ጊዜ ቢሆን፣ ጋሼ፣ ይሄን ነበር የሚላት። ይተኩት።»

ወንድምየው ስልኩን አገላበጠው። ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄን ፕላስተር እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ታንከሩ አየ። ትልልቅ ወንዶች የሚያለቅሱት በዚህ መልክ ነው፤ ዕቃ ሲቆጥሩ።

«ቴክኒሻኖቹ ይሄን አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅካቸውማ።»

«አሁን እኔን መውቀስ ነው የቀረሽ!» ውሉን ከኪሱ መዘዘ፤ ታንከሩ ላይ አስደግፎ፣ ብዕሩ እምቢ እያለው፣ እየተነጫነጨ፣ ከሥር በእጁ አንድ መስመር ጨመረ። በትከሻው በኩል አየሁት። በእናታችን ስልክ ካልተከፈተ ክፍያ የለም፣ ይላል። «በቃ? አሁን ሰላም አገኘሽ? ግን መከፈት አለመከፈቱን ማን ነው የሚያጣራው? እኔ እንደሁ ጊዜ የለኝም።»

ሁላችንም ወደ ልጁ ክፍል በር ዞርን። የቁልፎቹ መንጣጣት ቆሟል።

«የጣሪያው ሰውዬ» አለ ወንድምየው፣ እጅ እንደሰጠ ወታደር።

*

ልጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። «አለቀ። ጌጡን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፤ የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ክፈ...» ወንድምየውን ሲያይ ቃሉ ተቆረጠ። «...በኋላ፣ ለብቻሽ ስትሆኚ ብታነቢው ይሻላል።»

«አሁን» አለችው።

«እባክሽ...»

«ከእሁድ ጀምሮ ጠብቄያለሁ። አሁን።»

ስልኩን ከወንድሟ ተቀብላ ከፈተችው። እኔም አንገቴን አሰገግኩ፤ ጎረቤት አይደለሁም? ጌጥ የለ፣ ቀለም የለ፣ ሥዕል የለ። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ።

«የተናደድኩት ስለ ስልክ አልነበረም። ወንድምሽ ከሥራው ሲያስወጣኝ አንቺም ከልብሽ ያስወጣሽኝ መስሎኝ ነው። ገንዘቡን ተቀበይ። እኔ ልቀቅ ካላችሁኝ ሥራውን ዛሬውኑ እለቃለሁ፤ የአልጋ ዳርን በር ብቻ አሮጌ ስልክ በያዘ ሰው ላይ አትዝጉበት። ሥራውን እንጂ አንቺን መልቀቅ አልችልበትም፤ ሞክሬው አልሆነልኝም። ከዚህች ክፍል በላይ የምሰጥሽ ነገር የለኝም። ታገቢኛለሽ?»

እሷ እውነቱን ነበር ብላ አምና፣ ሳትነግረው ልትፈርም ስትወጣ፣ እሱ ከእሁድ ጀምሮ ገንዘቡን ተቀበይ ብሎ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ አራት ነጥብ ሁለቱ ለመሸነፍ ሲሽቀዳደሙ ነው።

የልጅት እንባ መስታወቱ ላይ ጠብ ሲል ገጹ ሸርተት አለ፤ በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ምንድነው የሚለው?» አለ ወንድምየው። የሰማው የለም።

«ስለ ሥራ ነው?» አለ እንደገና።

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ ከታጠቡት አንሶላዎች ጋር ተመሳስሏል።

«አነበብሽው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«እና... ምን ትያለሽ?»

ጣቷን ገጹ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች፤ እስከ መጨረሻው። መልሳ ወደ ላይ። እንደገና ወደ ታች። ከዚያ ዓይኗ እንደረጠበ፣ ፈገግታዋን እያፈነች፣ ቅንድቧን አንስታ፣ አባሎቿ አቤቱታ ሲያቀርቡ በሚጠቀሙበት ቃና፦

«መልስ መስጫው ታዲያ የታለ?» አለችው።